ማንም ያልሞተበት ንፍሮ

በወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ለመመካት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገር በተገቢው ቦታ ሲቀመጥ ደስ የሚለኝ ሰው መሆኔን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ ነው። አሁን የማወጋው እኔ ራሴ ከሰው መካከል ያለኝን ቦታ አጥቼ እንዴት እንዳገኘሁት፣ ከዚያም ይልቅ ከሪብ ወንዝ ማዶ የምትኖር አንዲት እናት የራሷን ቦታ እንዴት እንዳስመለሰች ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ጎንደር ላይ ግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ተወግዶ ወደ ወረታ ስመለስ፣ ቁስሉ ከደረቀ ሥራዬን መቀጠል እንደምችል ሐኪሙ ነግሮኝ ስለነበር የሕመም ፈቃዴ እንዳበቃ ከቢሮዬ ተገኘሁ። ባልደረቦቼ በአክብሮት ተቀበሉኝ። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በሻይ ሰዓት ግን ለቢሮው ሻይ የምታፈላው ሴት ያቀረበችልኝ የቆርቆሮ ኩባያ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ነበር። የሌሎቹ ኩባያ ክር አልነበረውም። ጠጥቼ መለስሁላት። በማግሥቱም ያው ኩባያ መጣ።

ወረታ በዚያን ጊዜ ከዛሬዋ እጅግ ታንስ ነበር። የጎንደሩ መንገድና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙባት፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ምሳ በልተው የሚያልፉባት፣ ሁሉም የሁሉን ጓዳ የሚያውቅባት ከተማ ነበረች። ነቀርሳ ይጋባል ይባል ነበር፤ በትንፋሽ ይሁን በዕቃ ይሁን የሚያውቅ ባይኖርም፣ ይጋባል መባሉን የማያውቅ አልነበረም። ትዳር ስላልነበረኝ የምኖረው በአንዲት የቀበሌ ቤት ብቻዬን ነበር። ወንፊቴ ጥሩ ወንፊት ስለነበር ከቤቴ ይልቅ በጎረቤት ቤት ይውል ነበር። ከጎንደር ከተመለስሁ በኋላ ግን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት የሚያወርደው አልተገኘም። ሰላምታው አልጎደለም፤ «እግዜር ይማርሽ» የሚለኝ ሰውም ብዙ ነበር። ግን ሁሉም ከደጅ ነበር የሚለኝ።

ቁስሌን የምታይልኝ ነርስ ከሸዋ የመጣች ወጣት ነበረች። እኛ ሁላችንም «ሲስተር» እንላት ነበር። ከእኔ ሌላ በዚሁ ደዌ ምክንያት ወደ እሷ የሚመጡ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ በከተማው ስመ ጥር የነበሩ አሮጊት ጠላ ሻጭ ናቸው፤ ከታመሙ ወዲህ ደንበኞቻቸው በበራቸው አልፈው ወደ ሌላ ቤት ይገቡ ነበር። ሁለተኛዋ የሙስሊም ነጋዴ ሚስት ናት፤ እሷ የመዘነችውን ስኳር የሚወስድ ሰው ስለጠፋ ባሏ ሳይወድ በግዱ ከመደብሩ ወደ ጓዳ አስገብቷታል። ሦስተኛዋ ከሪብ ማዶ፣ ውኃው ክረምት ክረምት ሜዳውን ከሚያለብሰው አገር የምትመጣ ገበሬ ናት። ይህችኛዋን ቤተሰቧ ከትልቁ ቤት አውጥቶ በግቢው ዳር ትንሽ ጎጆ ቀልሶላታል፤ ምግቧም ከደጃፏ ይቀመጥላት ነበር።

እርስ በርሳችን በመልክ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። አንዷ ቁስሏን አሳጥባ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ሲስተር በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ እያንዳንዳችን አልጋው ላይ ስንቀመጥ መጀመሪያ የምንጠይቃት ስለ ራሳችን ሳይሆን «ያች ሴትዮ እንዴት ሆነች?» እያልን ነበር። ከዚህ ተነሥታ፣ ለየብቻ ከምታክመን አንድ ላይ ተቀምጠን ብንነጋገር ይሻለናል ስትል አሰበች። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ የጥሪው አኳኋን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ በሬን አንኳኳ። ራቅ ብሎ ቆሞ፣ «ነገ በማለዳ ጤና ጣቢያ እንዲገኙ ተብሏል» አለኝ። «ሌሎቹ ሕመምተኞችም ይመጣሉ። አንድም ሰው እንዳይቀር።»

«ለምን ጉዳይ ነው?» አልሁት።

«እሱ አልተነገረኝም» አለና ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ሄደ።

በእኛ አገር ሞት በግልጽ እንደማይነገር አንባቢ ያውቃል። መርዶ የሚነገረው ሰው በሌላ ምክንያት ተጠርቶ ነው። በማለዳ፣ ምክንያቱ ሳይገለጽ፣ ማንም እንዳይቀር ተብሎ፣ መልእክተኛውም ዓይኑን ሰብሮ ከተናገረ ነገሩ ያለቀ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የጥሪ ወረቀት ጽፌ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ለአንድ አፍታ እንኳ አልተጠራጠርሁም። ከሦስቱ አንዷ ሞታለች። አሮጊቷ ይሆናሉ ብዬ ደመደምሁ። ስንዴና ሽምብራ ዘፍዝፌ አሳደርሁ፤ ጠዋት ንፍሮውን ቀቅዬ በሰፌድ አደረግሁ፤ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ነጠላዬን ለልቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቄ ወጣሁ።

ሲስተር ክፍሉን አዘጋጅታ ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ደርድራለች። ስገባ አሮጊቷ ጠላ ሻጭ ጥቁር ለብሰው፣ ባቄላ ንፍሮ በጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ድንጋጤዬን ዋጥ አድርጌ፣ እንግዲያውስ የነጋዴው ሚስት ናት አልሁ በልቤ። እሳቸውም በኋላ እንዳወጉን እኔን ሲያዩ ያሰቡት ያንኑ ነበር። ወዲያው የነጋዴው ሚስት ንፍሮዋን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ገባች፤ አየችን፤ ከንፈሯን መጠጠች፤ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ሦስታችንም ያንን የመሰለ የማይናገር ኀዘን ይዘን ቁጭ አልን። ሲስተር «እንዴት አደራችሁ?» ስትለን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብለን መለስንላት።

በዚህ መካከል ከበሩ ውጭ ልቅሶ ተሰማ። የሪብ ማዶዋ ሴት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ፣ የጓያ ንፍሮ በአገልግል አዝላ ደረሰች።

«ወየው እመይቴ! ወየው እናቴ! ሳልደርስልዎ!» እያለች ገባች።

«ማንን ነው የምታለቅሽው?» አሉ አሮጊቷ።

«አንቱን ነዋ!»

«እኔማ ይኸው ቁጭ ብያለሁ።»

ሴትዮዋ እኛን አንድ በአንድ አየችን። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ሁላችንም ወደ ሲስተር ዞርን። ልጂቱ መልኳ ተለዋውጦ፣ «ኧረ ማንም አልሞተም! እንድንጫወት ነው የጠራኋችሁ» አለች።

አሮጊቷ በሰፌድ፣ በሳህንና በአገልግል የመጣውን ሁሉ በዓይናቸው ቃኙና፣ «ታዲያ ይኸን ሁሉ ንፍሮ ማን ሊበላው ነው?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው የነጋዴው ሚስት ናት። ከዚያ እኔ። ከዚያ የሪብ ማዶዋ፣ እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ እያለ። ቁስሌ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከጎንደር ከተመለስሁ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አሮጊቷ ደግሞ እያንዳንዳችን ማን ሞቷል ብለን እንደ መጣን ካላወቅሁ አሉ።

«ሁላችሁም እኔን ነው የገደላችሁኝ? ኧረ ወዲያ! አንዲት እንኳ የራራችልኝ የለችም?»

«እኔስ እትዬን ነው ያልሁ» አለች የነጋዴው ሚስት እኔን በአገጯ እያመለከተች። «ክስት ብላ አየኋትና።»

«ክሳቴ የቢሮ ነው» አልኋት።

የአራታችንን ንፍሮ በአንድ ሰፌድ ገለበጥነው። ዕለቱ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነው፤ ንፍሮ ደግሞ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ ለጾመኛውም ለፈሰከውም የሚሆን ምግብ ነው። አራት እጅ ወደ አንድ ሰፌድ ሲዘረጋ አየሁ። የሪብ ማዶዋ ግን እጇን መልሳ ሰበሰበች።

«ምነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ከሰው ጋር ከበላሁ ቆየሁ» አለች። «ነውር እንዳይሆንብኝ ብየ ነው።»

አሮጊቷ ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ዘግነው በሴትዮዋ መዳፍ ላይ አስቀመጡላትና የራሳቸውን መብላት ቀጠሉ። ሲስተርም ወንበር ስባ ገብታ በላች። ያን ቀን ስለ ደዌያችን ብዙም አልተነጋገርንም። ስንለያይ ግን በሚቀጥለው ረቡዕ ንፍሮውን ማን እንደምትቀቅል ተስማምተን ነበር።

አንድ ነገር ሕጋዊ ካልሆነ አይጸናም ብዬ ስለማምን፣ ለቀበሌው ሊቀ መንበር የስብሰባ ፈቃድ ማመልከቻ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን አራት ሰው ሰብሰብ ብሎ መቀመጡ ብቻ ያስጠይቅ ነበር። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ያልገባውን ነገር መፍቀድ ይፈራል። አንድ ረቡዕ ራሱ መጥቶ ከበሩ ላይ ቆመና፣ «አጀንዳችሁ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

እኔ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። አሮጊቷ ግን ቀደሙኝ። «አጀንዳችን አለመሞት ነው፣ ጓድ» አሉት። «ከቻልህ አጽድቅልን።»

ሊቀ መንበሩ ጢሙን ዳሰሰ። የቀረበለትን እፍኝ ንፍሮ ተቀብሎ እየቆረጠመ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀንም።

ሲስተር መጀመሪያ ላይ «የሚሰማሽን ንገሪን» እያለች በየተራ ታናግረን ነበር። እጃችን ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ግን አፋችንም ይያዝ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሪብ ማዶዋ እንዝርትና ባዘቶ ይዛ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ፈትል ብዙም አልሆንልሽ ስላለኝ ይስቁብኝ ነበር። ሲስተር ግን ስንፈትል አይታ እጅግ ደስ አላት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግራ ክንዴ አልነሣ ብሎኝ ነበርና፣ ክሩን ስስብ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ መውጣቱን አሳየችኝ። «ሐኪሙ ያዘዘልዎት እንቅስቃሴ ይኸው ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፈትሌ ቢያምርም ባያምርም ግድ አልነበረኝም።

እየፈተልን ወሬው መጣ። ስለ ቁስሉ ሽታ ተነጋገርን፤ ስለ ሌሊት ልብስ ተነጋገርን፤ ባሎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ስለ መተኛታቸው የነጋዴው ሚስት ያወጋችን፣ ሳቅም እንባም የተቀላቀለበት ነበር። እኔ ስለ ቀይ ክሩ ተናገርሁ።

«ምን አልሻት?» አሉ አሮጊቷ።

«ምንም።»

«ለምን?»

በማግሥቱ በሻይ ሰዓት ክሩን ከኩባያው እጀታ ፈትቼ ሻይ ለምታፈላው ሴት በእጇ ሰጠኋትና፣ «ይህን የረሳሽው ይመስለኛል» አልኋት፤ በትሕትና ነው ያልሁት። ፊቷ ቀላ። ክሩን ኪሷ ከተተችው። በሚቀጥለው ቀን ኩባያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው መጡ፤ የትኛው የእኔ እንደ ነበር ዛሬም አላውቅም።

የሪብ ማዶዋ ነገር ግን በኩባያ የሚፈታ አልነበረም። ኅዳር ላይ፣ ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ጓያውና ሽምብራው በጥቁሩ አፈር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ አንገቷን ደፍታ መጣች። ልጇ በጥር ልትዳር ነው። ይህ ደስታ ነበር። ባሏና የባሏ እኅት ግን ሰርጉ እስኪያልፍ ድረስ አንበሳሜ ከተማ ወንድሟ ዘንድ እንድትሰነብት ወስነዋል። የሙሽራው ወገኖች የእናቲቱን ደዌ ካዩ፣ በዘር ይወርዳል ብለው ቃላቸውን እንዳያፈርሱ ተፈርቷል።

«እሷም አይፈረድባትም» አለች ስለ ባሏ እኅት። «ስታመም ያጠበችኝ እሷ ናት። ስለ ልጄ ብላ ነው።»

«ልጅሽስ ምን አለች?» አለቻት የነጋዴው ሚስት።

«ልጅ ምን ትላለች? ታለቅሳለች።» ክሩ በእጇ ላይ ቆመ። «እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። ጠላውን አልንካ፤ እንጀራውን አልንካ። ስትወጣ ጉልበቴን ስማ ብመርቃት ይበቃኛል። ሳልመርቃት ከወጣችማ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ እናቷ ሞታለች ማለት ነው።»

ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትወጣው። ይህ በእኛ አገር እንደ ጌጥ የሚታይ ነገር አይደለም።

አሮጊቷ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ነጠላ አለሽ?»

«ምን ነጠላ?»

«የክት ነዋ! ዳስ ውስጥ የሚቀመጡበት።»

አልነበራትም። በዚያች ጎጆ ከገባች ወዲህ የምትለብሰው አሮጌ ልብስ ብቻ ነበር። ለእሷ እንፈትልላት ሲባል፣ «ከፈተላችሁስ ለልጄ» አለች።

«ልጅሽንማ ሙሽራው ያለብሳታል» አሉ አሮጊቷ። «አንችን ማን ያልብስሽ?»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ የአራታችንም እንዝርት ለአንድ ነጠላ ሠራ። የእኔ ክር የት ቦታ እንደ ገባ ሸማኔው ሳያውቅ አይቀርም፤ ጎርበጥ ይል ነበርና። ጥለቱን የነጋዴው ሚስት መረጠች፤ ደማቅ ቀይ ነበር።

ከነጠላው ጎን ለጎን ሲስተር ሌላ ሐሳብ አመጣች። የሪብ ማዶዋን፣ በሰርጉ ቀን የምትናገሪውን እዚህ ተለማመጅው አለቻት። የባሏን እኅት ሆና የምትጫወተው የነጋዴው ሚስት ሆነች። ወገቧን ይዛ ተነሣች።

«ምነዋ! ምን ልታደርጊ መጣሽ? ሰው ሰላም ውሎ ልትበክይው ነው?» ብላ ጮኸች።

የሪብ ማዶዋ ወደ ኋላ ሸሸች። «እኔማ... ከተቀየማችሁ እመለሳለሁ...»

«አትመለሽም!» አሉ አሮጊቷ። «እንደገና!»

«ከየት የመጣች ናት ይች ደግሞ?» አለች የነጋዴው ሚስት እየባሰባት። «ኧረ ውጭልኝ!»

«እንዴ፣ አንችስ ደስ አለሽ ልበል?» አሉ አሮጊቷ።

«የአማቴን እኅት እያሰብሁ ነው» አለችና ሁላችንም በሳቅ ሞትን።

እኔ በበኩሌ ለሪብ ማዶዋ ንግግር አዘጋጀሁላት። መግቢያ ነበረው፤ ደዌው እንደማይጋባ ሲስተር ያስረዳችን ነበረበት፤ የእናትነት መብት ነበረበት፤ መደምደሚያም ነበረው። በቢሮ ቋንቋ ካየነው እንከን አልነበረበትም። ደጋግማ አጠናችው፤ ከመካከሉ ሳትደርስ ግን ትጠፋባታለች። «አፌ አልለመደውም፣ እትዬ» ትለኛለች። «ቀስ ብለሽ» እላታለሁ።

የሰርጉ ዕለት ሁላችንም ሄድን። ሪብ በጥር ጎድሎ ስለነበር ጫማችንን በእጃችን ይዘን ተሻገርን፤ ሲስተር ያንን ቀዝቃዛ ውኃ ስትረግጥ እንደ ሕፃን ጮኸች። ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የፎገራ ላሞች በየቦታው ተበትነው ይግጣሉ። ከግቢው ስንደርስ ዳሱ ሞልቷል፤ ከበሮው ይመታል። ባልየው የመንግሥት ሠራተኛና ነርስ መምጣታችንን አይቶ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጠን። ጠላ ቀረበልን፤ ለነጋዴው ሚስትም የማያሰክር ቅሪቦ ተፈልጎ መጣላት። አሮጊቷ ጠላውን ቀምሰው፣ «ጌሾው በዝቷል» ሲሉ በጆሮዬ ሹክ አሉኝ።

የሪብ ማዶዋ የትም አልታየችም። አንበሳሜ አለመሄዷን እናውቃለን፤ ሆዴን ቆረጠኝ ብላ ቀርታለች። ከዳሱ ጥግ የጎጆዋ በር ይታየኛል። ተዘግቷል። የሙሽራው አጀብ ገባ፤ ምሳ ተበላ፤ ተዘፈነ። በሩ አሁንም ዝግ ነው። ሲስተር ጥፍሯን መንከስ ጀመረች። የነጋዴው ሚስት፣ «ልሂድ ላውጣት?» አለችኝ። አሮጊቷ ጉልበቷን ይዘው አስቀመጧት፤ «ራሷ ትምጣ» አሉ።

ምርቃቱ ደረሰ። አባትየው በአጎዛ ላይ ተቀመጠ። የእናትነቱ ቦታ ባዶ መሆን የለበትም ተብሎ የባሏ እኅት ከአጠገቡ ተቀመጠች። ሙሽራይቱ ፊቷን ተከናንባ በሚዜዎቿ ተደግፋ ቀረበች። በዚህ ጊዜ የጎጆው በር ተከፈተ።

አዲሱን ነጠላ ለብሳ፣ በርጩማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። ፀሐይ በጥለቱ ላይ አረፈ። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ ገሚሱ በአክብሮት፣ ገሚሱ በፍርሃት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከበሮው ቆመ። እኔ በልቤ መግቢያውን እያነበነብሁላት ነበር።

«ምነዋ!» አለች የባሏ እኅት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እንዳሰብነው አልጮኸችም፤ ፈርታ ነበር። «ማን ጠራሽ?»

የሪብ ማዶዋ በርጩማዋን አስቀመጠች። «ማንም አልጠራኝም» አለች። «የወለድኋት እኔ ነኝ።»

ይኸው ነበር። መግቢያ የለው፣ መደምደሚያ የለው። የዳሱ ሰው ሁሉ ሰማ፤ የሙሽራው አባትም ሰሙ። ባሏ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ እኅቱን፣ «ተነሽላት» አላት።

እኅትየው ተነሣች። ስትነሣ የሪብ ማዶዋን የነጠላ ጫፍ ከመሬት አንሥታ በትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት፤ ይህን አይቻለሁ። የሙሽራው እናት ከወዲያ በኩል አንገታቸውን አስግገው ሲመለከቱ ነበርና፣ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ወደ እሳቸው ዞርሁ። «እናትየው እኒህ ናቸው እንዴ? ጥሩ፣ ጥሩ» አሉና ተቀመጡ። ያ ሁሉ ወራት የተፈራው ነገር በዚህ አለፈ።

ልጂቱ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ወደ እናቷ ዞረችና ጉልበቷ ላይ ተደፋች፤ ሚዜዎቿ ሊያነሷት ቢሞክሩም አልነሣ አለች። እናትየው እጇን በልጇ ራስ ላይ አድርጋ መረቀቻት። ምን ብላ እንደ መረቀቻት አልሰማሁም፤ ከአጠገቤ አሮጊቷ እልልታውን አቅልጠውት ነበር።

ከዚያ ያላሰብሁት ነገር ሆነ። ሙሽራይቱ ከእናቷ ተነሥታ ወደ እኛ መጣች። የአሮጊቷን ጉልበት ሳመች፤ የነጋዴውን ሚስት ሳመች። ከእኔም ፊት ጎንበስ አለች። ልጅ የለኝም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ጉልበቴን ስሞ የወጣ ሰው አልነበረም። ለመንግሥት ሥራ የሚሆን ቃል አጥሮኝ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ምርቃት ጠፋብኝ። እጄን አንሥቼ ቀረሁ።

«መርቂያት እንጂ፣ እትዬ!» አለች የሪብ ማዶዋ ከበርጩማዋ ላይ ሆና፣ ዳሱ ሁሉ እየሰማ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ፊርማ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግራ እጄን፣ ያንን አልነሣ ብሎኝ የነበረውን፣ በልጂቱ ራስ ላይ አሳረፍሁ።

«ከሰው አይለይሽ» አልኋት።

«አሜን» አሉ በዳሱ ያሉት ሁሉ፤ ከበሮውም ቀጠለ።